ልዑሉ መርከበኛ

ስለ ሲዳሞ ገዥው ስለ ራስ ደስታ ዳምጠው ያልሰማ የሐዋሳ ተማሪ ጥቂት ነው። ልጃቸው አድሚራል እንደ ነበሩ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

እስክንድር ደስታ በ1926 ዓ.ም. ተወለዱ። ፋሺስቶች በየካቲት 1929 ዓ.ም. ቡታጅራ አጠገብ አባታቸውን ሲረሽኑ፣ እርሳቸው ሦስት ዓመት አልሞላቸውም። በእንግሊዝ አገር ተምረው፣ ምጽዋ ላይ በተቋቋመው ባሕር ኃይላችን ውስጥ ምክትል አዛዥ እስከ መሆን ደረሱ። አሠልጣኞቹ ኖርዌጂያውያን መኰንኖች ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የመጣችው ዋና መርከብ «ኢትዮጵያ» 95 ሜትር ያህል ትረዝም ነበር። ባሕር ሲባል ሐይቃችን ለሚታየን ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም!

ማዕረጉ በችሎታ መጣ ወይስ በትውልድ? ሁለቱም አሉበት እንላለን። ሥልጠናው እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ባይሆኑ ኖሮ በዚያ ዕድሜ አድሚራል መባላቸውን እንጠራጠራለን። የዚያ ዘመን ተማሪዎች የጮኹትም እንዲህ ያለውን አድልዎ ተቃውመው ነው።

ይሁን እንጂ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎችን ያለ ፍርድ ሲረሽን እስክንድርም አብረው ተገደሉ። ችሎት ቀርበው ቢሆን ኖሮ ለጥያቄያችን መልሱን ከራሳቸው አፍ በሰማን ነበር።

መርከቧ በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ሸሸች፤ በኋላም ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።