ፀረ እንግዳ አካል የሌላት ዝንብ ራሷን እንዴት ትከላከላለች?

ከበሰለ ሙዝና ከጠላ ጋን አፍ የማትጠፋውን ትንሽ ዝንብ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ኑሮዋ ተዋሕስያን በሚርመሰመሱበት ብስባሽ ላይ ነው። ሆኖም እንደ እኛ ፀረ እንግዳ አካላትን አታመርትም። ታዲያ እንዴት ትተርፋለች?

መልሱ የተገኘው ካልተጠበቀ አቅጣጫ ነው። ቶል የተባለው ጂን አስቀድሞ የሚታወቀው በፅንሷ ላይ ጀርባንና ሆድን በመለየት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 በስትራስቡርግ ብሩኖ ለሜትርና የጁል ሆፍማን ቡድን ይህ ጂን የተበላሸባቸው ዝንቦች በአስፐርጂለስ ፈንገስ በቀላሉ እንደሚሞቱ አሳዩ። ሆፍማን በ2011 የኖቤል ሽልማት ተጋሩ።

የመልእክቱ ጉዞ እንዲህ ነው። በዝንቧ ደም ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች የፈንገስን ወይም የግራም ፖዘቲቭ ባክቴሪያን ግድግዳ ሲያገኙ፣ ኢንዛይሞች አንዱ ሌላውን እየቆረጠ ያነቃዋል፤ በመጨረሻም ሽፔትስለ የተባለው ፕሮቲን ተቆርጦ ከቶል ጋር ይጣመራል። ተማሪዎቼ ዘወትር የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ በዚህ ጉዞ የዝንቧ ቶል ጀርሙን ራሱን አይነካም፤ የሚደርሰው ወሬው ብቻ ነው። በሕዋሱ ውስጥ ካክተስ የተባለው ፕሮቲን ዲፍ የተባለውን አስሮ ይይዛል። መልእክቱ ሲደርስ ካክተስ ይፈራርሳል፤ ዲፍም ወደ አስኳሉ ገብቶ ፈንገስ ገዳዩ ድሮሶማይሲን እንዲመረት ያደርጋል።

ሁለተኛው መንገድ ኢምድ ይባላል፤ በአብዛኛው የሚያገለግለው ለግራም ኔጌቲቭ ባክቴሪያ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን መቀስቀሱ ሳይሆን መብረዱ ነው። በዝንቧ አንጀት ባክቴሪያ አይጠፋም፤ ለእያንዳንዱ ብትቆጣ ራሷን በጎዳች ነበር። ስለዚህ ኢምድ ራሱ የባክቴሪያውን ግድግዳ ስብርባሪ የሚያደቅ ኢንዛይም እንዲመረት ያዝዛል፤ ቀስቃሹ ሲጠፋ ቁጣውም ይበርዳል።

ይህ የዝንብ ወሬ ብቻ አይደለም። ኢምድ በወባ ትንኝም ውስጥ አለ። በአኖፊለስ ጋምቢያ ላይ በተደረጉ የቤተ ሙከራ ሥራዎች፣ ካስፓር የተባለው የኢምድ ልጓም ሲፈታ፣ በአገራችንም በብዛት የሚገኘው የፕላዝሞዲየም ፋልሲፓረም ጥገኛ ተሕዋስ በትንኟ ውስጥ ማደግ ይሳነዋል። የእኛዋ ዋነኛ አስተላላፊ አኖፊለስ አረቢየንሲስ የዚህችው ትንኝ የቅርብ ዘመድ ናት። ሥልቱ በሜዳ እንዲሠራ ግን ልጓሟ የተፈታው ትንኝ ከሌሎቹ እኩል መኖርና መራባት አለባት፤ ሁልጊዜ የነቃ መከላከያ ደግሞ ለእንቁላል የሚውለውን ጉልበት ይሻማል።