ስለ 532 ቁጥር



በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ የሚሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ ብንመለከት፣ ጥምቀት ከጥር 11 ሳይነቃነቅ ትንሣኤ ግን ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ድረስ ሲመላለስ እናገኘዋለን። በወልድያና በመርሳ ልጁን የሚድር ክርስቲያን አባት አስቀድሞ የሚጠይቀው ነነዌ መቼ እንደምትገባ ነው። ዐቢይ ጾም ከነነዌ ሁለት ሳምንት በኋላ ይገባልና፣ ነነዌ ጥር 17 የገባች እንደ ሆነ የሠርጉ ወራት ያጥራል፤ እስከ የካቲት 21 የዘገየች እንደ ሆነ ግን ፋታ ይገኛል።

ይህን ምልልስ የሚገዛው ቁጥር 532 ነው፤ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዐውደ ቀመር ይሉታል። ስለ ምን 500 ወይም 600 አልሆነም?

ሁለት የጭነት መኪናዎች ከወልድያ ወደ መርሳ ይመላለሳሉ እንበል፤ አንደኛው በየ4 ቀን፣ ሁለተኛው በየ6 ቀን ይነሣል። ዛሬ አብረው ቢነሡ ዳግመኛ የሚገናኙት በ24ኛው ሳይሆን በ12ኛው ቀን ነው፤ 4ም 6ም ለ2 ይካፈላሉና። ሁለተኛው በየ7 ቀን የሚነሣ ቢሆን ግን፣ 4ና 7 ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው፣ እስከ 28ኛው ቀን አይገናኙም።

የዘመንም ነገር እንዲሁ ነው። አራቱ ወንጌላውያንና ሰባቱ ዕለታት በ28 ዓመት ይገጥማሉ፤ ይህም ዐውደ ፀሐይ ይባላል። ፀሐይና ጨረቃ ደግሞ በ19 ዓመት ይገናኛሉ። 19 ከራሱና ከ1 በቀር ለማንም ያለ ቀሪ የማይካፈል ብቸኛ ቁጥር ነው፤ 28ም ለእርሱ አይካፈልም። ስለዚህ ሁሉም በአንድነት የሚገጥሙት 28 በ19 ተባዝቶ፣ በ532 ዓመት ነው።

ይህ በቀን ሲቆጠር 194,313 ይሆናል። ይህ ትልቅ ቁጥር ሲበተን 3፣ 7፣ 19ና 487 እርስ በርሳቸው ተባዝተው የሚሰጡት ነው። በውስጡ 7 ስላለበት ልክ 27,759 ሳምንት ይሆናል፤ እሑድም እሑድ ሆኖ ይመለሳል። የሚያስደንቀው፣ ዐውደ ማኅተም የሚባለው 76 ዓመት ደግሞ ልክ 27,759 ቀን መሆኑ ነው። ነገር ግን ይህ ለ7 ሲካፈል 4 ስለሚተርፍ ዕለቱ ይዛነፋል፤ ሰባት ጊዜ ካልተደገመ አይቃናም።

ለምሳሌ 2018 ዓመተ ምሕረትን እንውሰድ። 5500 ሲጨመርበት 7518 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ 1 ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ 18 ይሆናል። ሁለቱ ሲደመሩ 30 መሆናቸው የአጋጣሚ ነገር አይደለም፤ 11ና 19 ራሳቸው 30 ናቸውና። መስከረም 18 እሑድ ስለ ዋለ የእሑድ ተውሳክ 7 ተጨምሮ መባጃ ሐመር 25 ሆነ፤ ነነዌ ጥር 25፣ ትንሣኤም ሚያዝያ 4 ዋለ። በ1486 ዓመተ ምሕረትም እንዲሁ ነበር፤ በ2550ም በዚሁ ሒሳብ እንዲሁ ይሆናል።

ሆኖም ቁጥሩ ቢታመንም ጨረቃዋ በቁጥሩ አትታሰርም። በየ19 ዓመቱ ከሒሳቡ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ትቀድማለች፤ በ532 ዓመት 41 ሰዓት ያህል ይሆናል። ስለዚህ በትንሣኤ ሌሊት ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ጨረቃን ከቀመሩ ይልቅ በጥቂት ቀን አርጅታ ያገኛታል።