እድር ብቻውን የማይችለው ጎርፍ

አዲስ አበባ ውስጥ መካኒሳ አቦ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ትንሹ አቃቂ ከከተማዋ ሰሜን ምዕራብ፣ ከወጨጫ ተራራ በኩል ተነስቶ የምዕራብ አዲስ አበባን ሰፈሮች እያካለለ ወደ ደቡብ ሲወርድ መካኒሳን ያልፋል፤ ኋላም ከትልቁ አቃቂ ጋር አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛል። የከተማዋ ከፍታ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከእንጦጦ አንስቶ 2,100 ሜትር ገደማ እስከሆነው የአቃቂ ሜዳ ድረስ ይወርዳል። በዚህ ቁልቁለት ላይ ሣርና እርሻው በቆርቆሮ ጣራ፣ በአስፋልትና በኮብልስቶን በተተካ ቁጥር መሬቱ የሚጠጣው ውሃ ያንሳል፤ ወደ ታች የሚሮጠው ይበዛል።

በጎርፍ ለመጠቃት የግድ ወንዝ ዳር መኖርም አያስፈልግም። አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው በክረምት፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ ነው። በእነዚህ ሳምንታት አንድ የመንገድ ዳር ቱቦ በሃይላንድና በፌስታል ከተደፈነ ውሃው መንገዱን ይዞ ዝቅ ወዳለው ግቢ ይገባል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ከተማዋ ላይ የጣለው ከባድ ዝናብ ያስከተለው ጎርፍ የ7 ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል።

ንብረት ለማጥፋት ደግሞ አንድ ስንዝር ውሃ ይበቃል። በግቢው ጀርባ ያለ፣ ወለሉ ዝቅ ያለ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ይህን ያህል ውሃ ቢገባ የፍሪጁ ሞተር ከኋላ ከታች ስለሆነ መጀመሪያ የሚጠልቀው እሱ ነው። የስፖንጅ ፍራሽ የጎርፍ ውሃ ከጠጣ በኋላ አጥቦ መተኛት አይቻልም። ወለል ላይ የቆመ የጤፍ ኩንታል ከሥሩ ይረጥብና ሻጋታው ወደ ላይ ይወጣል። የትምህርት ማስረጃና የውል ወረቀት የተቀመጠበት ሻንጣ ያለውም ብዙ ጊዜ አልጋ ሥር ነው። የጭቃ ቤት ከሆነ ደግሞ ምርጊቱ ከታች እየላላ ይረግፋል፤ እንጨቱ ይበሰብሳል፤ ጉዳቱም ውሃው ከሄደ ከሳምንታት በኋላ ሊገለጥ ይችላል።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ሰፈሩ የሚያውቀው መልስ እድር ነው። እድር በየወሩ ከአባላቱ ጥቂት ጥቂት እየሰበሰበ፣ ሐዘን የደረሰበትን ቤት በገንዘብም በጉልበትም ያቆማል፤ ቤት ሲቃጠል የሚደርሱ እድሮችም አሉ። አሠራሩ ጸንቶ የኖረው አንዱ ሲጎዳ የቀሩት ደህና ስለሚሆኑ ነው። ጎርፍ ግን ሰብሳቢውንም፣ ገንዘብ ያዡንም፣ አባሉንም በአንድ ሌሊት ይመታል። የእድሩ ድንኳንና ወንበር የተቀመጠበት መጋዘንም ያው ሰፈር ውስጥ ነው።

ከሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ የሆነው ይህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ብቻ የሚታይበት የደቻቱ ወንዝ፣ ከከተማዋ በላይ ባለው ደጋ በዘነበው ዝናብ ሞልቶ ሰዎች በተኙበት ሰፈሮችን ጠራረገ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ሺዎች ተፈናቀሉ። በዚያ ወንዝ ዳር ለሚኖር ሰው ሊያስጠጋው ይችል የነበረው ጎረቤቱም እንደ እሱ ተፈናቃይ ነበር።

መድን እዚህ ላይ የሚለየው መዋጮውን ከሰፈር አልፎ ስለሚሰበስብ ነው። የመካኒሳው ነዋሪ፣ የሐዋሳው ሱቅና የባሕር ዳሩ ሆቴል የሚከፍሉት ዓረቦን አንድ ቋት ውስጥ ይገባል፤ ሁሉም በአንድ ቀን በጎርፍ የመመታታቸው ዕድል አነስተኛ ነው። መድን ሰጪዎቹም በተራቸው ከተሸከሙት ስጋት ከፊሉን ለጠለፋ መድን ያስተላልፋሉ። በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ሪኢንሹራንስ አክሲዮን ማኅበር የተቋቋመው ለዚሁ ነው።

ተቋማቱ አዲስ አይደሉም። የኢትዮጵያ መድን ድርጅት በ1968 ዓ.ም. የተመሠረተው በደርግ የተወረሱ 13 የግል መድን ኩባንያዎች ተጠቃለው ነው፤ ከ1986 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የግል ኩባንያዎች እንደገና ተፈቅደው በብሔራዊ ባንክ ቁጥጥር ሥር ይሠራሉ። ይሁን እንጂ ከሕይወት መድን ውጭ ካለው ገበያ ትልቁን ድርሻ የያዘው ተሽከርካሪ ነው፤ የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ ነውና። ለቤት መድን መግባትን የሚያስገድድ ሕግ ስለሌለ፣ መኪናው ኢንሹራንስ ኖሮት የሚያድርበት ቤት ግን ምንም የሌለው ቤተሰብ ማግኘት ከባድ አይሆንም።

የቤት ዋስትና ልግዛ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚቀርብለት የእሳትና የመብረቅ መድን ነው። ስሙ እንደሚለው መሠረታዊው ሽፋን እሳትና መብረቅ ነው። ጎርፍ፣ ማዕበል፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የቧንቧ ወይም የሮቶ መፈንዳት የመሳሰሉት ተጨማሪ ዓረቦን ተከፍሎባቸው የሚታከሉ ናቸው። ስለዚህ «ቤቴ ኢንሹራንስ አለው» የሚል ባለቤት ፖሊሲውን አውጥቶ «ጎርፍ» የሚለው ቃል በግልጽ መስፈሩን ማየት አለበት። በባንክ ብድር ቤት የገዛ ሰውም እንደዚሁ፤ ባንኩ ያስገባው ዋስትና ከሁሉ በፊት የሚጠብቀው የባንኩን ብድር ነው፤ ጎርፍን ላያካትትም ይችላል። አጥርና የድጋፍ ግንብ ከሽፋኑ ውጭ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ በተዳፋት ላይ የሠራ ባለቤት ስለ እነሱም ለይቶ ይጠይቅ።

ባለቤቶች በብዛት የሚሳሳቱት የቤቱን ዋጋ ሲያስመዘግቡ ነው። በአዲስ አበባ የቤት መሸጫ ዋጋ ውስጥ ትልቁ ነገር ቦታው ነው፤ መድን የሚተካው ግን ግንባታውን ብቻ ነው። ስለዚህ የሚመዘገበው ቤቱን ዛሬ ባለው የሲሚንቶ፣ የብረትና የጉልበት ዋጋ መልሶ ለመሥራት የሚያስፈልገው ገንዘብ ነው። ዓረቦን ለመቀነስ ብሎ አሳንሶ ማስመዝገብ ጉዳት ሲደርስ ይቆጠራል። ለምሳሌ መልሶ ለመሥራት 4 ሚሊዮን ብር የሚጠይቅ ቤት በ2 ሚሊዮን ብር ዋስትና ቢገባና ጎርፍ የ400,000 ብር ጉዳት ቢያደርስበት፣ በተለመደው የውል አሠራር የሚከፈለው ግማሹ፣ ማለትም 200,000 ብር ነው፤ ከዚያም ላይ ባለቤቱ እንዲሸከም የተስማማበት ድርሻ ይቀነሳል። የግንባታ ዕቃ ዋጋ በሚንርበት ዘመን ውሉ በታደሰ ቁጥር ግምቱም መታደስ ይኖርበታል።

ተከራዩስ? የአከራዩ መድን የሚሸፍነው ግድግዳውንና ጣራውን ነው፤ የተከራዩን ቴሌቪዥን፣ ምጣድ፣ አልጋና ልብስ አይመለከትም። ተከራይ ቤቱ የእሱ ባይሆንም ዕቃው የእሱ ስለሆነ በዕቃው ላይ መድን መግባት ይችላል፤ የሚያስመዘግበውም የዕቃውን ግምት ብቻ በመሆኑ ዓረቦኑ ከቤት ዓረቦን ያንሳል። በሰርቪስና በምድር ቤት በብዛት የሚኖረው ተከራይ ስለሆነ ጉዳዩ ከማንም በላይ እሱን ይመለከታል። በአሜሪካ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንግሥት የሚመራው የጎርፍ መድን ፕሮግራም ለተከራዮች ለብቻው የዕቃ ዋስትና ይሸጣል፤ ጣሪያውም 100,000 ዶላር ነው። ፈረንሳይ ደግሞ በ1982 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ፣ ንብረቱን መድን የገባ ሁሉ ትንሽ ተጨማሪ ክፍያ እንዲያዋጣና የተፈጥሮ አደጋ ዋስትና አብሮ እንዲያገኝ አድርጋለች።

ካሳ የሚገኘው በማስረጃ ነው። የዕቃዎች ዝርዝር፣ የግዢ ደረሰኝና በስልክ የተነሳ የየክፍሉ ፎቶ ከቤት ውጭ፣ ለምሳሌ ዘመድ ጋ ወይም በቴሌግራም ተልኮ ቢቀመጥ ጎርፍ አይወስደውም። ውሃው ሲጎድል ግድግዳው ላይ የሚተወው የጭቃ መስመር ለገማቹ ትልቅ ማስረጃ ነው፤ ከመታጠቡ በፊት ሜትር ተይዞበት ፎቶ ይነሳ። ዛሬም የመድን ውልን የሚገዛው የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ክፍል፣ አደጋ መድረሱ በ5 ቀን ውስጥ ለመድን ሰጪው እንዲነገር ያዝዛል፤ ክስ የሚቀርብበትን ጊዜም በ2 ዓመት ይገድባል። ስጋቱን የሚመለከት እውነት መደበቅም ውሉን ሊያፈርስ ይችላል። ግቢው ቀድሞ ጎርፍ ገብቶበት የሚያውቅ ከሆነ ውል ሲፈረም በጽሑፍ ይገለጽ፤ ያን ጊዜ ዓረቦኑ ቢጨምር እንኳ ካሳው በኋላ በዚህ ምክንያት አይከለከልም።

ይህን ሁሉ ለመጠየቅ ጥሩው ጊዜ ሰማዩ ሳይጠቁር ነው። የአሜሪካው ፕሮግራም አብዛኛውን ጊዜ ውል ከተገዛ በኋላ 30 ቀን ካልሞላ ካሳ አይከፍልም፤ የትኛውም መድን ሰጪ ደጃፍ ላይ የደረሰ ጎርፍ አይገዛም። በመካኒሳ አቦ እድሮች በየወሩ ይሰበሰባሉ፤ የሚያዝያ ወይም የግንቦት ስብሰባቸው ላይ የመድን ኩባንያ ባለሙያ ጋብዘው ለባለቤቱ የቤት፣ ለተከራዩ የዕቃ ሽፋን በስንት እንደሚሰጥ፣ አባላቱ በኅብረት ቢመጡስ ዓረቦኑ ምን ያህል እንደሚቀንስ ሊጠይቁ ይችላሉ። መዋጮ የመሰብሰብና መዝገብ የመያዝ ልምዱ በእጃቸው ነው፤ ከሁለት ሦስት ኩባንያ በጽሑፍ ዋጋ ቢቀበሉና ጎርፍን በስሙ የጠራውን ውል ቢመርጡ እስከ ሰኔ ድረስ የሚፈራረሙበት በቂ ጊዜ አላቸው።