ከሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ወደ ሕግ መምሪያ ምክር ቤት

በሽተኛን ማስታመም ከጥንት ጀምሮ በየቤቱ ለሴቶች የተተወ ሥራ ሆኖ ኖሯል፤ እናት ልጇን፥ ሚስት ባሏን፥ ልጅ አባቷን ሌሊቱን በሙሉ ዓይኗን ሳትከድን ስትጠብቅ ያላየ ሰው አይገኝም። ይህ ሥራ በትምህርት ቤት የሚማሩት፥ በፈተና የሚመሰከርበት፥ በደመወዝ የሚሠሩት ሙያ ከሆነ በኋላም ቢሆን ብዙ ሰው ነርስን የሚያስባት ከአልጋው ራስጌ ቆማ ብቻ ነው። ሕግ በሚመከርበት አዳራሽ ወንበር ይዛ፥ ስለ መንግሥት ገንዘብና ስለ ሠራተኛ መብት ስትከራከር አድርጎ የሚገምታት ጥቂት ነው። ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን የምናቀርበው የወይዘሮ ኤዲ በርኒስ ጆንሰን ታሪክ ይህን ግምት የሚያስመረምር ስለ ሆነ ጥቂት ዘርዘር አድርገን ጽፈነዋል። ዓመታቱንም ሁሉ ያስቀመጥነው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ወይዘሮ ኤዲ በርኒስ ጆንሰን በዩናይትድ ስቴትስ፥ በቴክሳስ ግዛት፥ ዌኮ በምትባል ከተማ በዲሴምበር 3 ቀን 1935 ተወለዱ። ወገናቸው ከጥቁሮች አሜሪካውያን ነው፤ በዚያም ዘመን በቴክሳስ የጥቁርና የነጭ ልጅ በአንድ ትምህርት ቤት አይማርም ነበር። በልጅነታቸው የሕክምና ትምህርት ይመኙ ነበር፤ ዳሩ ግን አሳባቸውን ለትምህርት ቤቱ መካሪ በገለጹ ጊዜ፥ ሴት ስለሆኑ ነርስነት እንደሚሻላቸው ተነገራቸው። ይህንንም የነርስነት ትምህርት ለመማር ከትውልድ ግዛታቸው ወጥተው ወደ ሰሜን፥ በኢንዲያና ወደሚገኘው ወደ ቅድስት ማርያም ኮሌጅ ሄዱ። ሃያ አንድ ዓመት ሳይሞላቸውም የምስክር ወረቀታቸውን ይዘው ተመለሱ።

በዳላስ ከተማ የቀድሞ ወታደሮች የሚታከሙበት የመንግሥት ሆስፒታል ማመልከቻቸውን ተመልክቶ፥ ፊታቸውን ሳያይ፥ በሥራ ተቀበላቸው። በደረሱ ጊዜ ግን ጥቁር መሆናቸው ታወቀና በሆስፒታሉ ግቢ እንዲያድሩበት ተስፋ ተሰጥቷቸው የነበረው ማደሪያ ተከለከለ። ከዚያም በኋላ ወደ ሕመምተኞቹ ክፍል ከመግባታቸው አስቀድሞ አለቆቹ እየገቡ፥ የምትመጣው ነርስ ሙያዋን የምታውቅ መሆኗን ለበሽተኛው ያስረዱ ነበር። የታመመ ሰው የሚፈልገው የሚያነሣውንና የሚያጥበውን እጅ ነው፤ የእጁን ቀለም መመርመር የጤነኞች ሥራ ይመስለናል። ወይዘሮ ኤዲ በርኒስ በዚህ ነገር ልባቸው ቢያዝንም ሥራውን አልተዉትም። በዚያው ሆስፒታል 16 ዓመት ያህል ቆይተው የአእምሮ ሕመምተኞች ክፍል ዋና ነርስ ለመሆን በቁ፤ በዚህ ማዕርግ ላይ ከጥቁሮች ወገን የተቀመጠ ከእርሳቸው በፊት አልነበረም። ሥራቸውንም ሳያቋርጡ ተጨማሪ ትምህርት ተከታትለው በ1967 ዲግሪ ተቀበሉ። ትዳር ይዘው አንድ ወንድ ልጅ ወልደው ነበር፤ ትዳሩ በ1970 በፍች ተፈጸመ።

ከሆስፒታሉ ውጭ የመጀመሪያው ትግላቸው ስለ ባርኔጣ ነበር ብንል ነገሩን ያቃለልን አይምሰል። በዳላስ ትልልቅ መደብሮች ጥቁር ሴት ባርኔጣ ወይም ልብስ በገንዘቧ ትገዛለች እንጂ፥ ከመግዛቷ በፊት በራሷ ላይ አድርጋ በመስተዋት መመልከት አይፈቀድላትም ነበር። ኀምሳ የሚሆኑ ጥቁር ሴቶች፥ ወይዘሮ ኤዲ በርኒስም ከእነርሱ ጋር፥ ተሰብስበው ከእንዲህ ያሉ መደብሮች አንዳች ነገር እንዳይገዙ ተስማሙ። ለራሳቸውም «ኀምሳ አስተዋይ ሴቶች» የሚል ስም አወጡ። በየትኛውም አገር የቤቱን ገንዘብ ወደ ገበያ ይዛ የምትወጣው ብዙውን ጊዜ ሴት መሆኗን ነጋዴ ሁሉ ያውቃልና፥ ይህ ዓይነቱ ስምምነት ብዙ ንግግር ከማድረግ የበለጠ ይሰማል።

ወደ ምርጫው ነገር ስንመጣ፥ አንባቢዎቻችን አስቀድሞ የወንበሩን አከፋፈል እንዲያስተውሉት ያስፈልጋል፤ የነገሩ ቍልፍ እዚያ ነውና። የቴክሳስ ግዛት የራሱ ሁለት ምክር ቤቶች አሉት፤ በሕግ መወሰኛው 31፥ በሕግ መምሪያው 150 ሰዎች ይቀመጣሉ። እስከ 1966 ድረስ በዚያ ግዛት ለምርጫ ድምፅ የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ አንድ ዶላር ተኩል ያህል ግብር መክፈል ነበረበት። ይህ ግብር ከተሻረ በኋላም ቢሆን ሌላ መሰናክል ቀርቶ ነበር። ይኸውም ዳላስና አውራጃዋ በሕግ መምሪያው 18 ወንበሮች ሲኖሯት፥ እያንዳንዱን ወንበር የሚመርጠው የአውራጃው ሕዝብ በሙሉ ነበር። ጥቁሮቹ በአንድ ወገን ሰፈር በብዛት ቢኖሩም በጠቅላላው ቍጥር አነስተኛ ስለ ነበሩ ለ18ቱም ወንበሮች በድምፅ ይሸነፉ ነበር። ከእርስ በርሱ ጦርነት ማግሥት ከነበረው ዘመን ወዲህ ከዳላስ ወደዚያ ምክር ቤት የገቡት ጥቁሮች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ እነርሱንም ለዕጩነት ያቀረባቸው በነጮች የሚመራ ማኅበር እንደ ነበረ የዩናይትድ ስቴትስ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ1973 በሰጠው ፍርድ መዝግቦታል። የበታቹ ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 1972 አውራጃዋ ለእያንዳንዱ ወንበር በየሰፈሩ እንድትከፋፈል አዝዞ ነበር፤ ከፍተኛውም ፍርድ ቤት ይህንን ትእዛዝ አጸናው። እንግዲህ በ1972 ምርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎረቤት ጎረቤቱን መምረጥ ቻለ ማለት ነው።

በሩ ቢከፈትም ለመግባት የሚከፈለው ዋጋ ቀላል አልነበረም። ከ1939 ጀምሮ በጸና ሕግ መሠረት የማዕከላዊው መንግሥት ሠራተኛ በፖለቲካ ፓርቲ ስም ለምርጫ መቅረብ አይችልም። ሆስፒታሉ የማዕከላዊው መንግሥት ስለ ነበረ ወይዘሮ ኤዲ በርኒስ ዕጩ ለመሆን አስቀድመው ሥራቸውን መልቀቅ ነበረባቸው፤ ይህም 16 ዓመት የደከሙበትን ማዕርግና የታወቀ የወር ደመወዝ መተው ነው። ቢመረጡስ? በዚያን ጊዜ የቴክሳስ እንደራሴ የሚከፈለው በዓመት 4,800 ዶላር ብቻ ነበር። ምክር ቤቱ በየሁለት ዓመቱ ለ140 ቀን ስለሚሰበሰብ፥ እንደራሴነቱ መተዳደሪያ ሳይሆን ሌላ ሥራ ያለው ሰው በትርፍ ጊዜው የሚያገለግልበት ሹመት ተደርጎ ይቈጠራል። ይህም ጠበቃውንና ባለ መሬቱን አያስቸግርም፤ የልጅ እናት ለሆነች ነርስ ግን ምክር ቤቱ ገና ሳይገባ በሩን እንደ መዝጋት ያለ ነው። ከሹማምንት አንባቢዎቻችን መካከል የምክር ቤት ሰው ደመወዝ ማነሱ ቁጠባ ነው የሚሉ ይኖሩ ይሆናል፤ እኛ ግን ደመወዙ ባነሰ መጠን ወንበሩ ለባለ ጸጋ ብቻ እንደሚቀር እናስባለን።

መውጫ የተገኘው ከማይጠበቅ ወገን ነው። ኒማን ማርከስ የሚባለው የታወቀ የዳላስ መደብር አለቃ የነበሩት አቶ ስታንሊ ማርከስ ለምርጫው እንዲቀርቡ ገፋፏቸው፤ የሆስፒታሉንም ሥራ ሲለቁ በመደብሩ ውስጥ ሥራ ሰጧቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያው ከተማ ጥቁር ሴት ባርኔጣ ለመሞከር የምትከለከልባቸው መደብሮች እንደ ነበሩ የሚያስታውስ ሰው የዚህን ነገር መዓዛ ይረዳዋል። ወይዘሮ ኤዲ በርኒስም በዲሞክራቶች ወገን ቀርበው በብዙ ድምፅ ብልጫ አሸነፉ፤ ከዳላስ በሕዝብ ምርጫ ለመንግሥት ሥልጣን የበቁ የመጀመሪያዪቱ ጥቁር ሴት ሆኑ።

በጃንዋሪ 1973 በኦስቲን ከተማ ምክር ቤቱ ሲከፈት አብረዋቸው ከገቡት አዲስ እንደራሴዎች አንዱ የሂውስተን ሰው ሚኪ ሌላንድ ነበሩ። እኚህም የመድኃኒት ቅመማ ትምህርት የተማሩ ናቸው፤ ስለዚህ በአንድ ዓመት አንዲት ነርስና አንድ የመድኃኒት አዋቂ ወደ ቴክሳስ ሕግ መምሪያ ገቡ ማለት ነው። የሚኪ ሌላንድ ስም ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። በኋላ የዩናይትድ ስቴትስ ምክር ቤት አባል ሆነው ስለ ረኃብ ብዙ ከደከሙ በኋላ፥ በኦገስት 7 ቀን 1989 በጋምቤላ አቅጣጫ ፉኝዶ ወደሚባለው የስደተኞች ሰፈር ሲጓዙ አውሮፕላናቸው ከተራራ ጋር ተጋጭቶ ከነተከታዮቻቸው በኢትዮጵያ ምድር ሞቱ። በዚያ አደጋ የሞቱት ሁሉ 16 ነበሩ።

ወይዘሮ ኤዲ በርኒስ በምክር ቤቱ ሁለተኛ ዘመናቸው የሠራተኛ ጉዳይ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኑ፤ በቴክሳስ ሕግ መምሪያ ታላቅ ኮሚቴ የመራች ሴት ከእርሳቸው በፊት አልነበረችም። በ1977 ፕሬዚዳንት ካርተር ለጤና፥ ለትምህርትና ለማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የአንድ ክፍል ኃላፊ አድርገው ሾሟቸው። በ1986 ተመልሰው ለቴክሳስ ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ተመረጡ።

በዚህም ምክር ቤት ሳሉ ያደረጉት አንድ ነገር እስካሁን የሚያነጋግር ነው። የዋሽንግተን ምክር ቤት ወንበሮች በቴክሳስ አዲስ ሲከፋፈሉ የኮሚቴው ሰብሳቢ እርሳቸው ነበሩ፤ ከተከፋፈሉትም ሰፈሮች ጥቁሮች የሚበዙበትን 30ኛውን በ1992 ተወዳድረው ራሳቸው ያዙት። በ1996 ከፍተኛው ፍርድ ቤት የዚህ ሰፈር ወሰን ከልክ ያለፈ በዘር ላይ የተመሠረተ ነው ብሎ ሻረው። ፍርድ ቤት የከፈተውን በር ፍርድ ቤት ሊያጠብበው መነሣቱ ያስገርማል፤ ለራስ የሚቀመጡበትን ወንበር ራስ መለካትም ቢሆን የሚያስተች ሥራ ነው። ሆኖም ወሰኑ ተለውጦ በዚያው ዓመት እንደ ገና ምርጫ ሲደረግ፥ አዲሱም ሰፈር የመረጠው እርሳቸውኑ ነው።

በዚያ ምክር ቤት እስከ ጃንዋሪ 2023 ድረስ 30 ዓመት ተቀምጠዋል፤ ከ2019 ጀምሮም የሳይንስ ኮሚቴው ሰብሳቢ ነበሩ። በዲሴምበር 31 ቀን 2023 በ88 ዓመታቸው ዐረፉ። በ1992 ሲመረጡ ወደ ዩናይትድ ስቴትስ ምክር ቤት የገባች የተመዘገበች ነርስ ከእርሳቸው በፊት አልነበረችም። በ1998 በትምህርት ቤት ነርስነት ያገለገሉት ወይዘሮ ሎይስ ካፕስ ከካሊፎርኒያ፥ በ2018 ደግሞ ሎረን አንደርውድ የተባለች ነርስ ከኢሊኖይ ተመርጠው ገቡ።