የልጄ ሳል እና የመስኮቱ ጎማ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ መስኮት ጎማ ነው። «ሐኪም ስለ መስኮት ምን አገባው?» እንዳትሉኝ፤ አገባኝ።

ባለፈው ክረምት ልጄ ሌሊት ሌሊት መሳል ጀመረች። አስም አለባት። መድኃኒቷን በሰዓቱ ትወስዳለች፣ ትኩሳት የላትም፣ ቀን ደህና ናት። ስትተኛ ግን ሳሉ ይነሳል። ታካሚዎቼን «የምትተኙበት ክፍል እርጥበት አለው?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ የራሴን ቤት ግን አላየሁም! አንድ ቀን አልጋዋን ሳብ ሳደርግ ከመስኮቱ ሥር ግድግዳው በሻጋታ ጠቁሯል። የአሉሚኒየም መስኮቱ ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ዝናቡ የሚገባው በዚያ ነው።

ሻጋታ እርጥበት ካገኘ ያድጋል። ወደ አየር የሚለቃቸው በዓይን የማይታዩ ብናኞች የመተንፈሻ ቧንቧን ያስቆጣሉ፤ በተለይ አስም ያለበትን ሰው። ላዩን ቀለም ብትቀቡት፣ ውሃው የሚገባበት ካልተደፈነ ተመልሶ ይመጣል።

እኔ ያደረግኩት ይሄን ነው፦

1. ልጄን ሌላ ክፍል አስተኛኋት። ማስክና ጓንት አድርጌ ሻጋታውን በሳሙናና በውሃ አጥቤ አደረቅኩት። በረኪና የምትጠቀሙ ከሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ሊወጣው ይችላል።

2. መስኮቱን ወረቀት አስነክሼ ዘጋሁት። ወረቀቱ ሲሳብ በቀላሉ ከወጣ ጎማው አልቋል ማለት ነው።

3. ከአሮጌው ጎማ ቁራጭ ይዤ ሱቅ ሄድኩ፤ ቅርጹ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አዲሱን ስታስገቡ አትለጥጡት፤ በኋላ ይሰበሰብና ጥጉ ላይ ክፍተት ይፈጥራል።

4. በፍሬሙና በግድግዳው መካከል ያለውን አሮጌ ሲሊከን ፍቄ አነሳሁ። ቦታው በደንብ ሲደርቅ አዲስ ሲሊከን ሞላሁና ለ24 ሰዓት ሳልነካው ተውኩት። እርጥብ ወይም አቧራማ ቦታ ላይ አይይዝም።

5. ከፍሬሙ ግርጌ በውጭ በኩል ያሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች የውሃ መውጫ ናቸው። እንዳትደፍኗቸው!

ፎቅ ላይ የምትኖሩ፣ በመስኮት ተንጠልጥላችሁ አትሥሩ። ባለሙያ ጥሩ።

⚠️ አሁን ዋናው ነገር። መስኮቱ ጥሩ አድርጎ ሲዘጋ ቤቱ ይሞቃል፤ ከሰል ካስገባችሁ ግን ጭሱም መውጫ ያጣል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ያመጣል፤ ከዚያ ራስን መሳት፣ ሞትም። ቡና ስታፈሉ መስኮት ክፈቱ። ከሰል አስገብታችሁ በጭራሽ እንዳትተኙ! ምልክቱ ከታየባችሁ ወዲያው ወደ ውጭ ወጥታችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ። ከሰል ባይኖርም ፀሐይ ብቅ ሲል ቤቱን አናፍሱት።

የልጄ የሌሊት ሳል ቀስ በቀስ ቀነሰ፤ መድኃኒቷን ግን አላቆምንም። ሳል ሁሉ ከመስኮት ነው እያልኩም አይደለም። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ምርመራ ያስፈልገዋል። ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ዛሬውኑ ሂዱ።

እስቲ ማታ አልጋችሁን ሳብ አድርጋችሁ ግድግዳውን እዩት። ምን አገኛችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ ልጅ ላለው ወዳጃችሁም ሼር አድርጉ። መልካም ጤንነት!