ሰዓቱ ዘጠኝ፣ መንገዱ ዐሥራ ሰባት

አንዲት የሠፈራችን እናት ልትወልድ የተቃረበች ልጃቸውን ለማረስ ወደ ዋሽንግተን የሚሄዱት በጥር ወር ነበርና፣ ሻንጣ ሲያዘጋጁ ላግዛቸው ሄድኩ። የገንፎው ዱቄት፣ በሶውና የተነጠረው ቅቤ ተጠቅልሎ ገብቷል። የደም ግፊት ክኒናቸውም ከቅቤው ጎን ተሸጉጧል።

«እትዬ፣ መድኃኒቱ ከእጅዎ ቢሆን አይሻልም?» አልኳቸው።

«ማታ ተነሥቼ ጧት እገባ የለም እንዴ! እዚያው ቁርሴን ስበላ እውጠዋለሁ» አሉኝ።

እውነትም በቲኬታቸው ላይ መነሻው 22:30፣ መድረሻው 7:30 ይላል። በእኛ አቈጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ተነሥቶ ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል መድረስ ነው። ሲሰሉት 9 ሰዓት ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ቲኬት የሚጽፈው የየአገሩን ሰዓት ነው። ዋሽንግተን በጥር ወር ከአዲስ አበባ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ከመጋቢት መግቢያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ገደማ ደግሞ 7 ሰዓት። ስለዚህ የእትዬ ጉዞ 17 ሰዓት ነው። ጧት በ1 ሰዓት ክኒናቸውን ውጠው የተነሡ እናት፣ በማግስቱ እዚያ ሲደርሱ ያለ መድኃኒት 32 ሰዓት ተኩል ይሆናቸዋል ማለት ነው!

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አይሮፕላን ማረፊያ በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ አይሮፕላኑ መንገደኛና ጭነት ሞልቶ፣ ለመንገዱ ሁሉ የሚበቃ ነዳጅም ይዞ ለመነሣት ይከብደዋል። በዚህም ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ በመንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። ከፍ ብሎ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስም በሄደ ጊዜ ፊት ለፊት ይገጥመዋል። በመልስ ግን ነፋሱ ከኋላ ስለሚገፋው ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ይገባል።

እናቶች፣ ለጉዞ ስትነሡ የሰዓቱን ልዩነት አስቀድማችሁ ቁጠሩ። የዘወትር መድኃኒት ያላችሁ፣ በመንገድ ላይና ከደረሳችሁ በኋላ በስንት ሰዓት እንደምትወስዱ ሐኪማችሁን ጠይቁ። መድኃኒቱን ከነማዘዣው በእጅ ቦርሳ ያዙ፤ የስኳር በሽተኞች የሚወጉት ኢንሱሊን በተለይ በጭነት ክፍል ውስጥ በብርድ ሊበላሽ ይችላል። ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ መቆየት ደም በእግር ሥር እንዲረጋ ስለሚያደርግ፣ በየጊዜው ተነሥታችሁ ተራመዱ፤ ቁርጭምጭሚታችሁን አንቀሳቅሱ። የአይሮፕላን ውስጥ አየር ደረቅ ነውና ውሃም ጠጡ።

እትዬ ይህን ሁሉ ሰምተው ሻንጣውን እንደገና ፈቱት። ክኒኑን አውጥተው በእጅ ቦርሳቸው ከፓስፖርታቸው ጋር አኖሩት። «አራሷን ልጠይቅ ሄጄ እኔው ተጠያቂ ልሆን ነበር!» ብለውም ሳቁ።