ጋዝ የማይበላው ማሽን

ከወልድያ ወደ መርሳ ሲወረድ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ የነበረው ከፍታ ወደ 1,600 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል፤ ሙቀቱም አብሮ ይጨምራል። በሀብሩ ቆላ በበጋ ቀትር መስኮት ዘግቶ መንዳት መቀቀል ነው፤ ከፍቶ መንዳት ደግሞ አቧራ መቃም። ክረምት ሲገባ ችግሩ መልኩን ይቀይራል፦ የድልብን ዳገት የሚወጣ ሾፌር ከውጭ ጉሙ፣ ከውስጥ የተሳፋሪው ትንፋሽ የፊት መስታወቱን ይጋርዱበታል። ለሁለቱም መላው ኤሲ ነው። አየሩን ያቀዘቅዛል፤ እርጥበቱንም ለይቶ በመኪናው ሥር ያንጠባጥባል። መንገድን አጥርቶ ማየት የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ የአሮጌ መኪና ኤሲ ቅንጦት ተብሎ መተው የለበትም።

ብዙ ጊዜ ለመተው የሚያበቃው አንድ የተሳሳተ ሐሳብ ነው። ኤሲው ማቀዝቀዝ ሲያቆም «ጋዙ አልቋል» ይባልና ይሞላል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ይሞላል፤ በመጨረሻ ባለቤቱ ተስፋ ይቆርጣል። የኤሲ ጋዝ ግን እንደ ቤንዚን እየተበላ የሚያልቅ ነገር አይደለም።

ጋዙ የሚዞርበት መንገድ

ጋዙ በዝግ ቱቦ ውስጥ ሲዞር ይኖራል። ሞተሩ በቺንጊያ የሚያዞረው ኮምፕሬሰር ጋዙን ጨምቆ ያግለዋል። ከራዲያተሩ ፊት ያለው ኮንደንሰር ሙቀቱን ለውጭ አየር ያስረክብና ጋዙ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ እርጥበት በሚመጥ ማጣሪያ አልፎ በጠባብ ቀዳዳ ሲሾልክ ግፊቱ በድንገት ይወርዳል፤ ይፈላልም። የሚፈላው ከዳሽቦርዱ ሥር በተቀመጠው ኢቫፖሬተር ውስጥ ነው። ለመፍላት ሙቀት ስለሚያስፈልገው ከጋቢናው አየር ይወስዳል፤ እኛን የሚደርሰን ቅዝቃዜ ይኸው ነው። ከዚያ ጋዙ ኮምፕሬሰሩን ከሚያለሰልሰው ዘይት ጋር ተመልሶ ዙሩን ይቀጥላል።

በዚህ ዑደት ውስጥ የሚቃጠል ነገር የለም። በጎማ ቱቦዎቹ በኩል በዓመታት ውስጥ ጥቂት ሊተን ይችላል፤ በወራት ውስጥ ከጠፋ ግን በአንድ ቦታ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ መሙላት ገንዘብን ወደ ሰማይ መልቀቅ ነው።

ከአር 12 ወደ አር 134ኤ

ከ1990ዎቹ አጋማሽ በፊት (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተሠሩ መኪኖች በአብዛኛው የሚጠቀሙት አር 12 የተባለውን ጋዝ ነበር። በ1974 ሞሊና እና ሮውላንድ የተባሉ ሳይንቲስቶች እንዲህ ያሉት ጋዞች ምድርን ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከላከለውን የኦዞን ንብርብር እንደሚጎዱ አሳወቁ። በ1987 የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ተፈረመ፤ ኢትዮጵያ በ1994 ተቀበለችው። በ2010 ታዳጊ አገሮችም አር 12ን እንዲያቆሙ የተሰጣቸው ጊዜ አበቃ።

ተተኪው አር 134ኤ ኦዞንን አይነካም። ሆኖም አንድ ኪሎው አየር ላይ ሲለቀቅ በመቶ ዓመት ስሌት የ1,430 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ያህል ምድርን ያሞቃል። በ2016 የተደረሰው የኪጋሊ ማሻሻያ አር 134ኤን የመሰሉ ጋዞችንም ደረጃ በደረጃ የሚቀንስ ሲሆን ኢትዮጵያ አጽድቃዋለች። አዳዲስ መኪኖች ወደ አር 1234ዋይኤፍ እየተሻገሩ ነው፤ እሱ ግን ውድ ነው።

በአር 12 የተሠራ መኪና ወደ አር 134ኤ ሲዞር ጋዝ መቀየር ብቻውን አይበቃም። የድሮው የማዕድን ዘይት ከአዲሱ ጋዝ ጋር አይዋሃድም፤ ኮምፕሬሰሩ ዘይት አጥቶ ይነክሳል። ስለዚህ አሮጌው ዘይት ይወጣል፣ ኤስተር ዘይት ይገባል፣ ማጣሪያውና የመጋጠሚያ ጎማዎቹ ይቀየራሉ። የሚሞላው በሚዛን ሲሆን ከቀድሞው የአር 12 ክብደት ከ80 እስከ 90 በመቶ ያህል ነው።

የቡታጋዝ ፈተና

ሌላው አማራጭ የፕሮፔንና የአይሶቡቴን ቅልቅል ነው። እውነቱ ይነገር፤ በደንብ ያቀዘቅዛል፣ ከድሮው ዘይት ጋር ይስማማል፣ ኦዞንን አይጎዳም፣ ከአር 12 ክብደት ሲሶውን ብዙም ሳያልፍ ይበቃል። ዘመናዊ የቤት ፍሪጆችም በአይሶቡቴን ይሠራሉ። ነገር ግን ፍሪጅ ውስጥ ያለው ጥቂት አሥር ግራም ነው፤ በመኪና ውስጥ ያለው በመቶ የሚቆጠር ግራም ነው። ኢቫፖሬተሩ ያለው ሰው በተቀመጠበት ጋቢና ውስጥ ነው። ጋዙ ከአየሩ 2 በመቶ ያህል ሲሆን በአንድ ብልጭታ ይቀጣጠላል። በግጭት ጊዜ መጀመሪያ የሚቀደደው ኮንደንሰር ደግሞ ከጋለ ሞተር አጠገብ ነው። አሜሪካ እንዲህ ያለውን ቅልቅል በአር 12 መኪኖች ውስጥ መሙላትን የከለከለችው ለዚህ ነው። የወጥ ቤት ቡታጋዝማ እርጥበትና ቆሻሻ ስለሚኖርበት የባሰ ነው። ልጆች የሚሳፈሩበት መኪና ውስጥ ይህን ጋዝ መሙላት አይገባም።

ከመሙላት በፊት

መጀመሪያ ቀላሉ ይታይ፦ ቺንጊያው አልላላም? የኮንደንሰሩ ፋን ይዞራል? ክንፎቹ በአቧራና በጭቃ አልተደፈኑም? በቆላ መንገድ የሚሠራ መኪና አንዳንዴ የሚፈልገው እጥበት ብቻ ነው። ከዚያ ቀዳዳ ይፈለግ። ዘይት ያረጠበው መጋጠሚያ ዋና ምልክት ነው፤ የሳሙና አረፋም ይረዳል። ለሙከራ ደረቅ ናይትሮጅን እንጂ ኦክስጅን በፍጹም አይገባም፤ ከዘይት ጋር ይፈነዳል።

ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ አየርና እርጥበት በቫኪዩም ፓምፕ ይወጣል። እዚህ ላይ የከፍታውን ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ብዙ የግፊት መለኪያ (ጌጅ) የተሰመረው በባሕር ጠለል ግፊት ነው፤ ሙሉ ቫኪዩም እዚያ 30 ኢንች ሜርኩሪ ገደማ ያሳያል። በመርሳ ግን 24 ተኩል፣ በወልድያ 23 ተኩል ኢንች አካባቢ ላይ ይቆማል። ፓምፑ ሰንፎ አይደለም፤ በላያችን ያለው አየር ራሱ ሳስቷል። ፓምፑ ከተዘጋ በኋላ መርፌው ለግማሽ ሰዓት ካልተንቀሳቀሰ ሲስተሙ ጥብቅ ነው። በሚሞላበትም ጊዜ ጌጁ በጋዙ የግፊት ሰንጠረዥ ላይ ካለው በ3 ፒኤስአይ ያህል ከፍ ብሎ ሊያነብ እንደሚገባ ይታሰብ።

ቤት ውስጥ የሚሞላ ሰው የጋዙን ጣሳ የሚያገናኘው ከወፍራሙ፣ ማለትም ከዝቅተኛ ግፊት ቱቦ ጋር ብቻ ነው። ሞተሩ እየሠራ ከከፍተኛ ግፊት ቱቦ ጋር ከተገናኘ ጣሳው ሊፈነዳ ይችላል። ጣሳውን እሳት ላይ ማሞቅ ክልክል ነው። አር 134ኤ የሚፈላው ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ ስለሆነ ዓይንና ቆዳ በመነጽርና በጓንት ይጠበቅ። ፓምፕና ሚዛን የሌለው ሰው ደግሞ ፍሪጅ ወደሚጠግን ባለሙያ ቢሄድ ይሻለዋል፤ መሣሪያው በተገቢው ማገናኛ ለመኪናም ያገለግላል።

ኢትዮጵያ በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢሎችን ማስገባት ስለከለከለች ያሉን አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ያገለግሉናል። ባለቤቱ ለመካኒኩ «ሙላልኝ» ከማለቱ በፊት «በየት ወጣ?» ብሎ ከጠየቀ ኪሱም፣ ተሳፋሪውም፣ አየሩም ይጠበቃሉ።